«ግማሹን ለእሷ ስጪ»

ይህን የምጽፍላችሁ የተሳካ አገልግሎት ልተርክላችሁ ብዬ አይደለም። የተሳሳትኩበትን ነገር ልነግራችሁ ነው። በቤታችሁም ሆነ በአጥቢያችሁ እንደ እኔ አድርጋችሁ ከሆነ፣ አብረን እንማርበታለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምኖረው አሶሳ ነው። የተወለድኩት መንዲ ሲሆን በመምህርነት ተመድቤ ወደዚህ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ያገባሁትም የወለድኩትም እዚሁ ነው። ለአሶሳ ሰው የስደተኛ ነገር አዲስ አይደለም። የሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ አለ። በ2003 ዓ.ም መጨረሻ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሳ በ2004 ዓ.ም ቶንጎና ባምባሲ ተከፈቱ፤ በ2007 ዓ.ም ደግሞ ጾሬ ተጨመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም፣ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ እኛ ዶሮ ስንበልት ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ በኩርሙክ በኩል አዲስ ስደተኞች መግባት ጀመሩ።

ኮትና ክራባት

በዚያ ሰሞን የአጥቢያችን እናቶች «ዝም ብለን እንዴት እናያለን?» አልን። ሸክሙ እውነተኛ ነበር። ልብስ እንሰብስብ ተባለ፤ በሁለት እሑድ ውስጥ ሃያ ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ተሰበሰበ። ፈቃድ አስወጥተን፣ አይሱዙ ተከራይተን ወደ አንዱ መጠለያ ጣቢያ ሄድን። ተዘመረ። ወንጌላዊያችን ስለ ኢየሱስ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ሕዝቡን በአስተርጓሚ ጠየቀና ሰበከ። ከዚያ ሴቶቹን አሰልፈን ልብሱን በየተራ አደልን፤ ለሪፖርት እንዲሆን ፎቶ እናነሳ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ካሜራው ሲዞርባት ፊቷን በለበሰችው ጨርቅ ሸፈነች። «ዓይን አፋር ናት» ብዬ አለፍኩ።

ልንመለስ ስንል አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ጠየቁን። «የሚበላስ አላመጣችሁም?»

ለካ በዚያው በሰኔ ወር የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እርዳታው ለማይገባው ወገን እየዋለ ነው በሚል በመላ አገሪቱ ለስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን አቁሞ ነበር። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ስደተኛ አራት ወር ያህል ያለ ራሽን ቆየ። እኛ ለተራበ ሰው ኮትና ክራባት ይዘን ሄድን። ሳንጠይቅ ሄደን፣ ሳናይ ተመለስን። በሚቀጥለው እሑድ ግን ፎቶው ታይቶ በጭብጨባ ጌታን አመሰገንን።

ሆስፒታሉ ውስጥ

ነሐሴ ላይ አማቴ ወባ አሟቸው ሆስፒታል ተኙ። አማቴ የእኛ እምነት ተከታይ አይደሉም፤ ግን አንድ ቤት በፍቅር እንኖራለን። አንድ ቀን ማለዳ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ስገባ፣ ትኩሳቱ ገና አልለቀቃቸውም፣ በአገጫቸው ወደ ኮሪደሩ አመለከቱኝ።

«ልጄ፣ ያቺን ሴት እያት። ልጇን ይዛ ከትናንት ጀምራ እዚያው ናት። አንድ ነገር ስትቀምስ አላየኋትም። ግማሹን ለእሷ ስጪ።»

ሄድኩ። ጀርባዋ ላይ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን አዝላለች፤ ትልቁ ልጇ ወባ ጠንቶበት ከጣቢያው ክሊኒክ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ነበር። በምልክት እጄን ወደ አፌ እያስጠጋሁ «ጠጪ» ልላት ሞከርኩ።

«አማርኛ እችላለሁ፣ እህቴ» አለችኝ።

አፈርኩ። ቀጠለችና «አንቺን አውቅሻለሁ። ልብስ ያመጣችሁልን ናችሁ። የደረሰኝን ኮት በሁለት ጣሳ ማሽላ ለወጥኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ፊቷን የሸፈነችውም እሷ ነበረች። «ባለቤቴ ያለበትን አላውቅም። ፎቶው አንድ ቀን እጁ ቢገባ ስለምን እንዲያየኝ አልፈለግሁም» አለችኝ።

አጥሚቱን እየጠጣች ታሪኳን ነገረችኝ። የኡዱክ ተወላጅ ናት። ስለ ኡዱክ ሕዝብ ምን ያህል እናውቃለን? እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ከድንበሩ ማዶ በብሉ ናይል፣ ቻሊ በምትባል ስፍራ፣ የእኛ አገር አብያተ ክርስቲያናት በሚገባ የሚያውቁት ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በ1956 ዓ.ም የሱዳን መንግሥት ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገሬው አማኞች እጅ ቀጠለች፤ አዲስ ኪዳንም በቋንቋቸው ተተርጉሞ ነበር።

በ1979 ዓ.ም ጦርነት ሲያሳድዳቸው ብዙዎቹ ወደ አሶሳ አካባቢ ሸሹ። በ1982 ዓ.ም ውጊያው አሶሳ ሲደርስ እንደገና ተሰደዱ። ሱዳን፣ ኢታንግ፣ ናስር፣ መጨረሻም ጋምቤላ ክልል ያለችው ቦንጋ። እሷ የተወለደችው እዚያ ቦንጋ ካምፕ ነው፤ አማርኛ የተማረችውም እዚያ ትምህርት ቤት ነው። ሰላም ሆኖ ወደ ቻሊ ተመለሱ። በ2003 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ሲያገረሽ ለሌላ ስደት ተነሱ።

«ሰባኪያችሁ ስለ ኢየሱስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ሲል አያቴን አሰብኩ» አለችኝ። «አያቴ የቻሊ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ።»

ቤታችን ውስጥ የተነሳው ጠብ

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን ሠራሁ። ልቤ ተነክቶ ለልጆቻችን የደንብ ልብስና ደብተር ካስቀመጥነው ገንዘብ 2 ሺህ ብር አንስቼ ሰጠኋት። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ከሳምንት በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ ቆጠረ።

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እከለክልሽ ነበር?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይከለክለኛል ብዬ ነበር። እሱም ይህን ገባው፤ የጎዳውም ከብሩ ይልቅ ይኸው ነው። ሦስት ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። እኔ «ለጌታ የተደረገ ነው» እያልኩ ራሴን አጸድቅ ነበር። ለእንግዳ እጄን ዘርግቼ ለባለቤቴ ልቤን መዝጋቴ ግን አልታየኝም።

በአራተኛው ቀን አማቴ ተሽሏቸው ከሆስፒታል ወጥተው ነበር። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን እያለ ልጃቸውን እያዩ ማውራት ጀመሩ። ባለቤቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥት ከሰሜን አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ካሰፈራቸው ወደ 600 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ውስጥ ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም።

«አባትህን በመጣን በስድስተኛው ወር ወባ ገደለው» አሉ። «አንተም ሆድህ ተነፍቶ ልትሞት ነበር። አንዲት የበርታ ሴት በየማለዳው የማሽላ ገንፎ በቅል ታመጣ ነበር። ቋንቋዋን አልሰማም፣ ቋንቋዬን አትሰማም። እኛ የሰፈርንበት መሬት የእነሱ ነበር። በመሬታችን መጡብን ብላ ልትጠላን ትችል ነበር። ገንፎውን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ አንድ ቀን ደግሞ እጄን ይዛ ክሊኒኩን አሳየችኝ። በዚያች ሴት ነው ያደግኸው።»

ባለቤቴ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። ማታ ሲመለስ «ያቺ ሴት አሁን የት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። ከተጋባን ወዲህ አብረን በእውነት የጸለይነው ያን ሌሊት ይመስለኛል።

ያለውን በር ማሳየት

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የወረቀት ነገር ያውቃል። ልጁን ለመጠየቅ አብረን ስንሄድ፣ በፌስታል የያዘቻቸውን ወረቀቶች እንድታሳየው በትህትና ጠየቃት። ከክትባት ካርዱ ጋር የሕፃኑ የልደት ማሳወቂያ ተጣጥፎ አለ። ለምን እንደሚያገለግል አታውቅም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ስደተኛ ልደቱን፣ ጋብቻውን፣ ፍቺውንና ሞቱን ማስመዝገብ ይችላል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ጣጣው ይበዛል። ምስክር ወረቀቱ ዜግነት አይሰጥም። ልጁ መቼና የት፣ ከማን እንደተወለደ ግን ይመሰክርለታል። አገር ሰላም ሆኖ ሲመለስ ወይም ቤተሰብ ሲፈላለግ ይህ ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ በተደነገገው መሠረት የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትን መብት ሰጥቷል። የቀይ መስቀል ጦርነት የበተናቸውን ቤተሰቦች የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው። በጣቢያዎቹ ክሊኒክ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ለሕፃናትና ለሴቶች ጥበቃ የቆሙ ድርጅቶች አሉ።

አገልግሎቱ አለ። ነገር ግን የተጨነቀች እናት በሩን ካላወቀች፣ ወይም በሩ ጋ ደርሳ «ነገ ነይ» ሲሏት ከተመለሰች፣ እንደሌለ ይቆጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ብር ሳይሆን አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። የበርታዋ ሴት ለአማቴ ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ገንፎ ሰጠቻቸው፣ ከዚያም እጃቸውን ይዛ ክሊኒኩን አሳየቻቸው።

ባለቤቴ ቀኑን ቆጠረ፤ 17 ቀን ቀርቶ ነበር። ወደ ጣቢያው ተመልሳ ማስመዝገቢያው ጋ መቼ እንደምትሄድ ተነጋገርን፤ ቀኑ ሲደርስ ፈቃድ ይዞ አብሯት ተሰለፈ። ሕፃኑ ተመዘገበ። በሌላ ቀን ደግሞ የባለቤቷን ፍለጋ ማመልከቻ አስገባች። ከጦርነቱ በፊት ሥራ ፍለጋ ወደ ደማዚን የሄደ ነው፤ ስልኩ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ከዚህ የተማርነው

ጌታ በመጨረሻው ቀን በእንግድነቱ ስለ ተቀበሉትና ስላልተቀበሉት ሰዎች ሲናገር (ማቴ. 25)፣ ሁለቱም ወገኖች መቼ እንዳዩት ጠይቀዋል። እኔ ከማላዩት ወገን ነበርኩ፤ ያውም ካሜራ ይዤ። እግዚአብሔር ለእስራኤል መጻተኛን እንዲወድዱ ሲያዝዝ ምክንያቱን የራሳቸው የግብፅ ኑሮ አደረገው (ዘሌ. 19)። ባለቤቴ የገባው ያን የቡና ሰዓት ነው። የሳምራዊውን ታሪክ (ሉቃ. 10) በሰንበት ትምህርት ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችውን ያየችልኝ ግን የእኔን ትምህርት ሰምተው የማያውቁት አማቴ ናቸው።

ስለዚህ ለባለትዳሮችና ለአጥቢያ አገልጋዮች በእህትነት ጥቂት ልበል።

አንደኛ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው የተቸገረው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት ተስማምታችሁ ስጡ። በስውር የተወሰደ ብር እንግዳውን ቢጠቅምም ትዳሩን ያቆስላል። «አይስማማም» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ዕድል ስጡት፤ ያልነገራችሁ ታሪክ ይኖር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በአካባቢያችሁ ያሉትን አገልግሎቶች እወቁ። የትኛው ቢሮ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ አንድ ሰው በየአጥቢያው ቢኖር ከሃያ ማዳበሪያ ልብስ ይበልጣል። ይህ ለስደተኛ ብቻ አይደለም፤ ከመንደሩ ተፈናቅሎ ወይም ከዐረብ አገር ተመልሶ አጠገባችሁ ለተከራየውም ያው ነው።

አራተኛ፣ እርዳታውን የስብከት ዋጋ አታድርጉት። ወንጌልን የምታካፍሉት ሰው፣ አያቱ ከእናንተ በፊት ስለ ስሙ መከራ ተቀብለው ይሆናልና።

የቀረው ባዶ መስመር

ራሽኑ በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ ቢቀጥልም ከሙሉ ድርሻው በታች ነው። ከሱዳን የሚመጣው ሰው ስላልቆመ በ2016 ዓ.ም ኡራ ላይ አዲስ ጣቢያ ተከፍቷል። እኛም ሁሉን ማድረግ አንችልም። በወር አንድ ጊዜ እንጠይቃታለን፤ ፈቃድ ስታገኝ ደግሞ እሷ ልጆቿን ይዛ ወደ ቤታችን ትመጣለች። አማቴ ዛሬም ጠዋት ጠዋት «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ይላሉ።

ባለቤቷ እስካሁን አልተገኘም። ፍለጋው ግን ክፍት ነው። ባለፈው ገና ቤታችን መጥታ ከባለቤቴ ጋር ስለ ወረቀት ሲያወሩ፣ ጋብቻም እንደሚመዘገብ ነገራት። በጣቢያው ውስጥ በሽማግሌዎች ፊት ነው የተጋቡት፤ ወረቀት የላቸውም።

«ሁለታችንም መፈረም አለብን?» አለችው።

«አዎ፣ ሁለታችሁም» አላት።

ጥቂት ዝም አለችና «እንግዲያው እጠብቀዋለሁ» አለች።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከትዳር አጋርህ ጋር፣ ከትዳር አጋርሽ ጋር ስትጸልዩ ይህችን እናት አስቧት። ከጸሎቱም በኋላ አንድ ጥያቄ ተነጋገሩ፤ በእኛ ደጅ በኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ማነው?

ጌታ ይባርካችሁ።