እንሰት ሲዛወር

ለውጥ የተፈጥሮም የኅብረተሰብም ሕግ መሆኑን በመምህርነት ዘመኔ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ጻፍኩ አላስታውስም። ሕጉን ማስተማርና ሕጉ ከራስ ደጃፍ ሲደርስ መቀበል ግን እጅግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ በእናቴ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ነው።

ጓሮው ያለው ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ሆሳዕና ራሷ የለውጥ ምስክር ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ዛሬ የዩኒቨርሲቲዋ መጠሪያ ነው። በወጣትነቴ በሸዋ ሥር የነበረች የአውራጃ ከተማ፣ በኋላ በደቡብ ክልል የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከቤቱ ንቅንቅ ያላለ ሰው አድራሻው ሁለት ጊዜ ተለውጦበታል ማለት ነው። ባለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘዋል። የላኩት ገንዘብ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውንም በፎቅ ተክቷል። ከመካከላቸው ሬሳው ብቻ የተመለሰም አለ።

ታናሽ ወንድሜም ከተጓዦቹ አንዱ ነው። አባታችን ባረፈ በዓመቱ ለእናታችን የብሎኬት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ላከ። ቤቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን አባታችን በእጁ የተከለው እንሰት የቆመበት ነበር። «አይቆረጥም!» አልኩ። «እናቴ በሚያፈስ ቤት ትሙት?» አለኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ለወራት ሳንነጋገር ቆየን። እኔ የአባቴን መታሰቢያ የምጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ እናቴ በየክረምቱ ጣሪያው ሥር ባልዲ ስትደቅን ግን አላየሁም።

ነገሩን የፈታችው እርሷው ናት። «ልጄ፣ እንሰት ቆሞ እንዲቀር አይተከልም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሳይቆረጥ የቆየ እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ችግኝ ሲፈለግ የወጣቱ ተክል ግንድ ይቆረጣል፣ የእምብርቱ ቡቃያ ይወገዳል፣ አሚቾው በአፈርና በፍግ ይሸፈናል፤ ከወራት በኋላ ከአንዱ አካል በዐሥር የሚቆጠሩ ችግኞች ይፈልቃሉ። ችግኞቹም ሁለት ሦስት ጊዜ ከቦታ ቦታ እየተዛወሩ ያድጋሉ፤ ለምግብ የሚደርሱትም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብልህ ገበሬ ጓሮውን በአንድ ዕድሜ አይሞላም፤ ዘንድሮ የሚፋቀው፣ ለከርሞ የሚደርሰውና ገና የሚዛወረው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የጓሮው ሚዛን የሚጠበቀው በዚህ ነው፤ ማንም ተክል ባለበት አይቀርም፣ ጓሮው ግን ባዶ አይሆንም።

ከበልግ ዝናብ በፊት ሥራው ተጀመረ። የደረሰውን እናቴና ጎረቤቶቿ ፍቀው ለቆጮና ለቡላ አዋሉት፤ ቃጫውም አልተጣለም። ወጣቱን እኔ እየነቀልኩ ከቤቱ ጀርባ ተከልኩ። ሁሉም አልጸደቀም። ጓሮው ከቀድሞው አንሷል፤ በአባቴ ጥላ ቦታም ዛሬ ሲሚንቶ አለ። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆረቆራል፤ መቀበል ማለት አለማዘን አይደለምና።

ስለ ባህል የምንጽፍና የምናስተምር ሰዎች ብዙ ጊዜ የእኔን ስሕተት እንሠራለን። ቅርስን ባለበት አቁመን ለማቆየት ስንታገል፣ በሥሩ የሚኖረውን ሰው እንረሳለን። እናቴ ግን የጠበቀችው ግንዱን ሳይሆን የመትከሉን ሙያ ነው።

ቤቱ ሲያልቅ ለወንድሜ ደወልኩለት። ስለ ቤቱ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የአባባ እንሰት ስንት ጸደቀ?» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ወጥቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት።