አንድ ቀን በጣና ላይ

በነሐሴ ወር በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ሰነበትሁ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር ውሃ ገባን።

ታንኳችን ከደንገል የታሰረች ናት። ደንገል ቀላል ስለ ሆነ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳዋ ከሥራ በኋላ ወጥታ ትደርቃለች።

ሽማግሌው መንጠቆው ላይ ትል ሰክተው ጣሉ። ዝም ብለን ጠበቅን። ገመዱ ተሳበ። አምባዛ ነበር!

«አባባ፣ ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ እንሂድ። እዚያ ብዙ ዓሣ አለ ይባላል» አልኋቸው።

«አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «በክረምት ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣል። እዚያ መረብ ከዘረጋን እናቲቱን ከነእንቁላሏ እንጨርሳለን። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና መጣ። በወንዞች አፍ ላይ ብዙ ዓሣ ተጠመደ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣ በጣም ቀነሰ።

ማታ ሁለት አምባዛ ይዘን ወጣን። ለራት በቃን።