አራስ ቤትና ፊዚዮቴራፒ

አገር ቤት አራስ ትታረሳለች። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ እናትየው ከቤት አትወጣም። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በየሰዓቱ ይቀርባል፤ ወገቧም በመቀነት ይታሰራል። ቶሮንቶ ግን በሰላም የተገላገለች ሴት ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቤቷ ናት። እናቷ ቪዛ ካላገኘች ገንፎ የምታገነፋላት የዳንፎርዝ ሰፈር ጎረቤት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ስለ ሽንት ማምለጥ ግን በአራስ ቤታችን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ፊኛን፣ ማሕፀንንና አንጀትን ከሥር ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች በእርግዝናና በምጥ ይለጠጣሉ፤ ከዚያ ሴትዮዋ ስታስነጥስ ወይም ልጅ ስታነሳ ሽንቷ ሊያመልጣት ይችላል። መቀነቱ ወገብን ይደግፋል እንጂ እነዚህን ጡንቻዎች አያጠነክርም።

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛዋን ከወለደች በኋላ ከዓመት በላይ ፓድ አድርጋ ነበር ቅዳሴ የምትቆመው። ቶሮንቶ ውስጥ ወደ አንዲት ሴት ፊዚዮቴራፒስት ሄደች። ባለሙያዋ ፈቃዷን ጠይቃ በጓንት መረመረቻት፤ ለካ ጡንቻውን የምትስብ መስሏት ወደ ታች ታምጥ ኖሯል! ብዙ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ትክክለኛው ግን ትንፋሽ እያስወጡ፣ ሽንትና የሆድ አየር እንደሚይዙ ሁሉ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ለሦስት ወር።

እንቅስቃሴውን በፈረንጆቹ 1948 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል ነው። ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በፈረንጆቹ 1974 አዲስ አበባ በመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አካል ነው። ፊስቱላ ሽንት የሚፈስበት ቀዳዳ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። የሚያሳዝነው የእንቅስቃሴው ትምህርት እጅግ የተጎዱትን ብቻ እንጂ ሌላዋን ወላድ አለመድረሱ ነው።

ቶሮንቶም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደለም። የግል ክሊኒክ ክፍያን የኦንታሪዮ መንግሥታዊ የጤና መድን (ኦሂፕ) አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ የሥራ ኢንሹራንስ የሌላት የጽዳት ሠራተኛ እህታችን ከኪሷ ትከፍላለች። ፈረንሳይ ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን የዳሌ ወለል ማገገሚያ ሕክምና መንግሥታዊው የጤና መድን ይከፍላል። ኦንታሪዮም እንዲህ ማድረግ አለባት።

እህቴ፣ አራስ ልትጠይቂ ስትሄጂ ገንፎውን ያዢ። ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ «ሽንት ያመልጥሻል ወይ?» በያት። አዎ ካለችሽ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ለማየት የሐኪም ሪፈር እንደማያስፈልግ ንገሪያት፤ ገንዘቡ ከከበዳት ደግሞ ሆስፒታል እንዲልካት የቤተሰብ ሐኪሟን ትጠይቅ።