ከእቴጌይቱ አገር፣ ከገለጉ

ውድ እታለም፣

የእማማ ወገብ ተሻለው? ከጎንደር በአይከል፣ በገንዳ ውሃ አድርጌ ትናንት ሲመሽ ገለጉ ገባሁ። ሙቀቱ ለደጋ ሰው አይጣል ነው፤ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ከሰማይ ሥር አደርኩ። ሰሊጡ ታጭዶ በየማሳው ቆሟል።

የምጽፍልሽ ግን ጎንደር ስላየሁት ነገር ነው፤ መንገዱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ቀና ስል ጣሪያው በሙሉ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ነው፣ ረድፍ በረድፍ። መቁጠር ጀምሬ አንገቴን ሲያመኝ ተውኩት። ፊት ለፊት ከሚያዩት አንዱን መረጥኩና በሩ ጋ ቆሜ አየሁት፤ አየኝ። ወደ መቅደሱ ተጠጋሁ፤ አሁንም ያየኛል። ወደ ጥግ ብሄድም አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ለፊት ሲያይሽ ቆይቶ አንቺ ወደ ጎን ብትሄጂ፣ የሚታይሽ ጉንጩና ጆሮው ነው። ሥዕል ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ከየትም ብታዪው ፊቱ አይዞርም። ብሌኑ መሐል ላይ ካረፈ በሄድሽበት ሁሉ ያይሻል። ምክንያቱን አውቄም ደረቴ መርገብገቡን አልተወም።

አንቺ ቀሚስ ስትገዢ ጥልፉን ገልብጠሽ ጀርባውን እንደምታዪው፣ እኔም የግድግዳውን ሥዕል ጠርዙን ተጠግቼ አየሁት። ለካ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው! ቀለሙ በሳሳበት ቦታ የክሩ ድርና ማግ ይታያል።

ዓይኖቹንም ልብ በይ። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ልማድ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ሰማዕታቱን የሚያሠቃዩትን ወታደሮች እያቸው፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እየተሳለምን ያለፍነው ነገር ነው። ፈረንጆችም የየራሳቸው ስውር ነገር አላቸው። ሆልባይን በ1533 እ.ኤ.አ. ሁለት መልእክተኞችን ሲሥል እግራቸው ሥር የተንጋደደ ነጭ ነገር አኑሯል፤ ከጎን ሆነው ሲያዩት የራስ ቅል ነው። እሱ እንድትዞሪ ያደርግሻል፤ የእኛዎቹ ዝቅ እንድትዪ።

ዝቅ ስል ትዝ ያለኝ አምና በጀልባ ሄጄ ጣና ላይ ደቅ ደሴት ያየሁት የናርጋ ሥላሴ ሥዕል ነው። መጀመሪያ የሚታይሽ እመቤታችንና ልጇ ነው። ቆይተሽ ወደ ታች ስታዪ፣ እግሯ ሥር አንዲት ሴት ተደፍታ ትማጸናለች። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት! ባሏ አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ለልጇ እንደራሴ ሆና አገር የገዛች ሴት ናት፤ ሠዓሊው ግን ከሁሉ በታች፣ ከሁሉ አሳንሶ አኖራት። አምና ቸኩዬ አልፌያት ነበር፤ ይቆጨኛል። እሷ እኮ የዚህ የቋራ ልጅ ናት፣ ገለጉም የቋራ ከተማ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቡና የምታፈላልኝን እናት ይህን ሁሉ አጫወትኳት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በመተማ በኩል መጥተው ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን መትረፉንና ንብ ጠበቀው መባሉን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ስለ ምንትዋብ ሥዕል ግን አልሰማችም።

«መልኳስ እንደ ስሟ ነው?» አለችኝ።

«ፊቷ ትንሽ ነው እናቴ፤ ከታች ነው ያለችው፣ ከእመቤታችን እግር ሥር።»

ጀበናውን እንደያዘች ትንሽ ዝም አለች። «እዚያ ከሆነችማ ምን ጎደላት» ብላ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ከዚህ ጥጥ ይዤልሽ እመጣለሁና እንዝርትሽን አዘጋጂ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ