ወጌሻ የሌለው መድረክ

ኳስ የምትወዱ ሰዎች ይህን ታውቃላችሁ። አንድ ተጫዋች ወድቆ እግሩን ሲይዝ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል። ከሜዳው ዳር አንድ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ይገባል። ወጌሻው ነው። ያሸዋል፣ ቀዝቃዛ ነገር ይረጭለታል፣ ደግፎ ያነሳዋል። ያ ሁሉ ተመልካችም ይጠብቃል። እግር ለተጫዋች እንጀራው መሆኑን ማንም አይስተውምና።

እስቲ ደግሞ ቲያትር ቤት እንግባ። ተዋናዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ያለቅሳል። መጋረጃው ሲዘጋ አጨብጭበን ታክሲ ፍለጋ እንሮጣለን። የእሱን አንገትና ወገብ የሚያይለት ማን ነው?

ይህን ጥያቄ እኔም ያነሳሁት ዘግይቼ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ተውኔት ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ ውል ብሎ አያውቅም።

አንድ ተዋናይ ወዳጅ አለኝ። ስሙ ይቆየን። ከዓመታት በፊት በአንድ ተውኔት ውስጥ ጎባጣ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወት ነበር። ሕዝቡ ወደደውና ተውኔቱ ለረጅም ጊዜ ታየ። ወዳጄም በየሳምንቱ ወገቡን አጥፎ፣ አገጩን አስግጎ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ ከዚያ ከተቆለመመ አንገት ውስጥ የኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ ድምፅ ያወጣ ነበር። ተማሪዎቼን ሰብስቤ አሳየኋቸው። በፈተናው ላይም «የገጸ ባሕርዩ ጉብጠት ምንን ይወክላል? አብራሩ» አልኳቸው። አሥር ነጥብ ነበረው። የታሪክ ቀንበር ነው አሉ፣ የድህነት ሸክም ነው አሉ፣ ያልጻፉት ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ሚስቱ ጀርባውን በቅባት እያሸችው እንደሚያድር ግን ማን ይጻፍ? መምህራቸው ራሱ መች አውቆት!

ቀስ በቀስ ድምፁ ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ ከትርዒቱ በኋላ ይዘጋ ነበር። በኋላ ገና ሳይጀምር ይዘጋበት ያዘ። ማርና ዝንጅብል ሞከረ፣ ጥሬ እንቁላል ዋጠ፣ ዳማከሴ ጠጣ። ጎረቤት «ዐይን ነው» አለና ጸበልም ወሰዱት። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተመረመረ፤ እብጠትም ቁስልም አልተገኘም። «ምንም የለብህም» መባል ለታማሚ ምርቃት ይመስላል። ለእሱ ግን ውሸታም ነህ እንደ መባል ሆነበት። ባልደረቦቹ «መጠጥ አብዝቶ ነው» ብለው አሙት። ሚናው ለሌላ ተሰጠ። እሱም ከቤት መውጣት ተወ።

በዚህ መሐል እኔ ራሴ ትከሻዬን አሞኝ ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ። የዕድሜ ልክ የፈተና ወረቀት እርማት ያመጣው ጣጣ ነው። የምታክመኝ ወጣት ባለሙያ አንገቴን እያሸች ስታጫውተኝ የወዳጄን ነገር አነሳሁባት። «ጋሼ፣ ለምን ይዘዋቸው አይመጡም?» አለችኝ። እየጎተትኩ ወሰድኩት።

ጉሮሮውን ታየዋለች ብዬ ስጠብቅ «እስቲ መድረክ ላይ እንዳሉ ሆነው ይናገሩልኝ» አለችው። ቆመ። ገና አንድ ቃል ሳይወጣው አገጩ ወደ ፊት ሄደ፣ ትከሻው ተሰቀለ።

«ይኸው!» አለች ልጅቷ። «ሽማግሌው እኮ አሁንም አብረውዎት አሉ፣ ጋሼ።»

ወዳጄ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ።

ያን ቀን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ከምላሳችን ሥር የፈረስ ጫማ የመሰለች ትንሽ አጥንት አለች። ከሌላ ከማንኛውም አጥንት ጋር በመገጣጠሚያ አትያያዝም፤ በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ማንቁርታችን ደግሞ ከእሷ ሥር ይንጠለጠላል። በውስጡ ያሉት የድምፅ ጅማቶች ስንነጋገር በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ፤ በሴቶች ደግሞ 200 ጊዜ ገደማ። እንግዲህ አንገት ሲቆለመም፣ መንጋጋ ሲጨመደድ፣ ትከሻ ሲሰቀል፣ ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ማንቁርቱን ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። የማሲንቆው ጭራ ደህና ሆኖ እጀታው ቢጣመም ምን ዜማ ይወጣል? ሐኪሙ ጭራውን አይቶ ደህና ነው አለ፤ አልተሳሳተም። እጀታውን ያየችው ልጅቷ ናት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 በታዝማኒያ የተወለደ ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር የሚባል ሰው ነበር። ሼክስፒርን መድረክ ላይ እያነበነበ ይኖር ነበርና ድምፁ ይዘጋበት ጀመር። ሐኪም እረፍት አዘዘለት። ሲያርፍ ይሻለዋል፣ መድረክ ሲወጣ ይመለስበታል። መስታወት አቁሞ ራሱን ሲመለከት፣ ሊናገር ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እንደሚጎትትና ማንቁርቱን እንደሚጫን ደረሰበት። ያንን እያስተካከለ ድምፁን አገኘ። በ1904 ለንደን ገብቶ ዘዴውን ለተዋንያን ማስተማር ያዘ። ዘዴው ዛሬም በታወቁ የድራማ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።

እኛ ደግሞ በትከሻና በአንገት የምንጨፍር ሕዝብ ነን። ድምፃዊው እስክስታውን እየመታ ይዘፍናል፤ ያውም እኩለ ሌሊት፣ ያውም ጭስ ውስጥ። የሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ ስንት ተዋናይና ዘፋኝ በየመድረኩ አልፏል? ስንቱስ «ድምፁ ሄደ» ተብሎ ቤቱ ቀረ? ከእነዚያ መሐል አንገታቸው ቢታሽ፣ አተነፋፈሳቸው ቢቃና የሚመለሱ ነበሩ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ብዙ ነገር አልጠይቅም። ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ ሰው አስቀድሞ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው፤ ከባድ በሽታም ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በኋላ ግን «ምንም የለብህም» ተብሎ አይሸኝ። ከልምምድ በፊት ሰውነትን ማፍታታት እንደ ቃለ ተውኔቱ ጥናት ይቆጠር። ጎባጣ ሆኖ የሚጫወት ሰው፣ ከትርዒቱ በኋላ ቀና የሚያደርገው ይኑረው። ባለሙያው ከሰማይ አይወርድም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስተምራል። ኳስ ቡድን የሚያገኘውን ቲያትር ቤት የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ወዳጄ ለወራት ተመላለሰ። አንገቱን አሹት፤ ከጎድን አጥንቱ ሥር መተንፈስን እንደ ሕፃን ተማረ፤ ቤቱም ግድግዳ ተደግፎ መቆም ሥራው ሆነ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ለልጅ ልጁ ተረት ሲያወራ ግን አይቆራረጥበትም። ሚናው እንደ ሄደ ቀረ።

በቅርቡ ቡና እየጠጣን ያንን የፈተና ጥያቄ ነገርኩት። እንደ ኑዛዜ ነበር። ፈገግ አለና፣

«ስንት ነጥብ ነበረው?» አለኝ።

«አሥር።»

«ታዲያ ለእኔ ስንት ትሰጠኛለህ?»

ሲኒዬን አነሳሁ። ቡናው አልቋል።