ዝቅ ያለ መብራት

የድሮ ሞተር ብስክሌት መብራት የሚታዘዘው ለነጂው ሳይሆን ለሞተሩ ነው። የእኔዋ ባለ 6 ቮልት ያማሃ ሞተሯ ሲያጓራ መብራቷ ይደምቃል፤ ሲበርድ እንደ ኩራዝ ይፈዝ ነበር። ከጎንደር ደባርቅ የሚያደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ገደማ ተነሥቶ ከ2,800 በላይ ስለሚወጣ፣ ሞተር የሚያደክም ዳገት አያጣም።

በ2010 ዓ.ም. ወደ 12 ቮልት አስቀይሬ ኤል ኢ ዲ አምፖል አስገጠምኩ። በጥቂት ኃይል ብዙ ስለሚያበራ፣ ባትሪው ደህና እስከሆነ የሞተሩ ድካም አይነካውም። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት ስጓዝ መንገዱ ዳር እስከ ዳር ፍንትው ብሎ ታየኝ። ራቅ ብለው አህያ የሚነዱ አዛውንት ብቅ ሲሉ መብራቱን አጭር አደረግሁ። አጠገባቸው ስደርስ በትራቸውን ከፍ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ! ሌላው ዓይናችንን አጥፍቶ ነው የሚያልፍ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ብርሃን ያጥበረበረው ዓይን ግን እስኪመለስ ሰከንዶች ይፈጅበታል። በደጋው መንገድ ከገበያ ወይም ከለቅሶ የሚመለሰው እግረኛም ገደሉን የሚለየው በዚያው ዓይኑ ነው። ለአሮጌ አምፖል በተሠራ ፋኖስ ውስጥ የገባ አዲስ አምፖል ደግሞ ብርሃኑን እየበተነ ነገሩን ያብሰዋል።

እናም መብራት የምታስለውጡ ወዳጆቼ፣ የአምፖሉን ጉልበት ብቻ አትጠይቁ። ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ፣ ብሎኑን አላልታችሁ፣ ጨረሩን ዝቅ አድርጉት። ብርሃኑ መንገዱ ላይ ይረፍ እንጂ ሰው ፊት ላይ አይረፍ።