ማግኔት የቆመ ቻርጅ አይነካም

ክፍል ገብታችሁ «ማግኔት ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ይስባል!» የማይል ተማሪ አታገኙም። ምስማር ሲስብ አይቷልና አይፈረድበትም። ጣጣው የሚመጣው ይኸው ልጅ ከፍ ሲል በማግኔት መስክ ውስጥ የሚጓዝ ኤሌክትሮን የሰጠነው እንደሆነ ነው። ወስዶ ከአንዱ ዋልታ ላይ ይለጥፈዋል። ቀመሩን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል፤ በሐሳቡ ያለው ሥዕል ግን አሁንም ያው ምስማር ነው። ነገ የምንሰማራው ወደነዚህ ክፍሎች ስለሆነ ጉዳዩን አብረን ብናየው መልካም መስሎኛል።

የኤሌክትሪክ መስክ ቻርጁ ቆመም ሄደም አይለይም። በራሱ መስመር ይገፋዋል፤ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። የማግኔት መስክ ግን አመለኛ ነው። መጀመሪያ «እየሄድክ ነው ወይስ ቆመሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። የቆመውን አይነካም። ከመስኩ መስመር ጋር ትይዩ የሚሄደውንም ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። መስመሩን አቋርጦ የሚሄደውን ነው የሚገፋው፤ እሱንም ለመስኩም ለጉዞውም ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ፣ ማለትም ከጎን። ሁልጊዜ ከጎን ስለሚገፋ መንገዱን ያጎብጣል እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ተማሪው ይህቺን ከያዘ ቀመሩ በኋላ ይደርሳል።

«መሣሪያ የለንም» ማለት ልማዳችን ነው። ለዚህ ትምህርት ግን ሜዳ ይበቃል። ምድር ራሷ ማግኔት ናት፤ የማግኔት ወገቧም በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ መስኩ እኛ ዘንድ ከሞላ ጎደል አግድም ተጋድሞ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ተማሪዎቹን አስወጥታችሁ የግራ እጃቸውን ያውጡ፤ ሌባ ጣት ወደ ሰሜን፣ መሐል ጣት ወደ መሬት። አውራ ጣት ወዴት ዞረ? ወደ ምሥራቅ። ከሕዋ ቁልቁል የሚወርድ ፕሮቶን የሚገፋው ወደዚያ ነው። ኤሌክትሮን ከሆነ መሐል ጣትን ወደ ሰማይ መገልበጥ ነው፤ ያን ጊዜ አውራ ጣት ምዕራብን ያሳያል።

ይህ የጣት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የኮስሚክ ጨረር ቻርጁ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ባልታወቀበት ዘመን ጣሊያናዊው ብሩኖ ሮሲ በዚሁ አስተሳሰብ ተነሣ። ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ምሥራቅ እየታጠፈ ስለሚወርድ መሬት ሲደርስ የመጣበት ምዕራብ ሆኖ ይገኛል። ኔጋቲቭ ከሆነ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ይህን ተንብዮ በ1933 የጋይገር ቆጣሪዎቹን ይዞ ጎረቤታችን አስመራ ድረስ መጣ። ቦታዋ ለማግኔት ወገብ ቅርብ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ያሳዝናል፣ በዚያው ዓመት ጆንሰን፣ አልቫሬዝና ኮምፕተን ሜክሲኮ ላይ ቀደሙት። ቢሆንም ቆጣሪዎቹን አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ እያዘነበለ ቆጠረ። ከምዕራብ የሚመጣው በለጠ።